መዋጮው እኩል፣ ጡረታው ለየቅል

(ለመንግሥትና ለግል ድርጅት ሠራተኞች በቀረበ ንግግር ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኞቻችሁ በቀጥታ ከሥራ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛም የግል ድርጅት ሠራተኛም አለ። የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን አውጥታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በጡረታው መስመር ላይ ምንም ልዩነት አታዩም። ከሁላችሁም 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መሠረታዊ ደመወዛችሁ 10,000 ብር ከሆነ 700 ብሩ ከእናንተ፣ 1,100 ብሩ ከአሠሪው ይወጣል። በየወሩ 1,800 ብር ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል ማለት ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜውም ለሁለታችሁም 60 ነው። የአበሉ ስሌትም አንድ ዓይነት ነው። መከላከያና ፖሊስ የራሳቸው ስሌት ስላላቸው ዛሬ እነሱን አላነሳም።

እንግዲህ ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ሁለቱ ሠራተኞች እኩል ናቸው። እኔ ግን ብዙ ዓመት በሰው ሀብትና በደመወዝ ክፍል፣ በመንግሥትም በግልም ቤት ሠርቻለሁ። ጡረታ ሲወጡ የማያቸው ሰዎች እኩል አይደሉም። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታውን የሚያገኘው ፋይሉ እየተከተለው ስለሚሄድ ነው። ደመወዝ ክፍሉ ቢያንቀላፋ እንኳ መዝገብ ቤት የተቀጠረበት ደብዳቤ ይኖራል፤ እድገቱም ዝውውሩም ተጽፎ ተቀምጧል። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ሥራ በቀየረ ቁጥር ፋይሉ እዚያው ይቀራል። ድርጅቱ ሲዘጋ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የግል ሠራተኛ ጡረታውን ራሱ ካልተከታተለ በስተቀር የሚከታተልለት የለም። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአገራችን በንጉሡ ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በወጉ ተደራጀ። መዋጮው ለረጅም ጊዜ ከሠራተኛው 4 በመቶ፣ ከመንግሥት 6 በመቶ ነበር። ሥርዓት ተለወጠ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጡረታው ግን ቀጠለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ተመሳሳይ ሕግ ያገኘው መቼ ነው? በ2003 ዓ.ም.። በዚያ ዓመት ሁለት አዋጆች በተከታታይ ቁጥር ወጡ። 714 የመንግሥት ሠራተኞች፣ 715 የግል ድርጅት ሠራተኞች። የመዋጮው መጠንም ደረጃ በደረጃ እያደገ 7 እና 11 ላይ ደረሰ። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም በአዲስ ተተኩ፤ የመንግሥቱ 1267፣ የግሉ 1268 ሆነ።

ከ1955 እስከ 2003 ድረስ 48 ዓመት ነው። አንድ ሰው በሃያ ዓመቱ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ካለው ጊዜ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በግል ፋብሪካ፣ በግል ሆቴል፣ በንግድ ቤት ወይም በግል ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚከፈለው የጡረታ አበል አልነበረውም። ዕድለኛ ከሆነ አሠሪው ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሥራ ሲለቅ የሚሰጠው በስሙ የሚጠራቀም ብር፣ ያስቀምጥለታል። ካልሆነም ልጆቹን ተስፋ ያደርጋል።

የ2003ቱ አዋጅ ትልቅ ነገር ነበር፣ ይህን በሙሉ ልቤ እላለሁ። ነገር ግን ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ከሐምሌ 2003 ነው። ከዚያ በፊት በግል ድርጅት መዋጮ ሳይከፈልበት ያለፈው አገልግሎት አይቆጠርም። ይህ አንድ ነጥብ ስንት ሰው ቤት እንደገባ ለማየት ስሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያለው ሰው 60 ሲሞላው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል። አበሉ የሚሰላው ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። 10 ዓመት ያልሞላው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ተሰጥቶት ይሸኛል።

አሁን ሐምሌ 2003 ላይ 52 ዓመት የሞላውን የግል ድርጅት ሠራተኛ አስቡት። ምናልባት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። 60 ዓመት ሲሞላው የተቆጠረለት አገልግሎት 8 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ዳረጎቱን ተቀብሎ ወጣ። በግል ድርጅት አገልግሎት ብቻ 10 ዓመት የሞላው የመጀመሪያው ሠራተኛ 10 ዓመት የሞላው ሐምሌ 2013 ነው። ከዚያ በፊት ጡረታ የወጡት፣ ቀደም ሲል የመንግሥት አገልግሎት ከሌላቸው፣ ሕጉ እያለ ሳይደርስላቸው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ስለ እነሱ ሲነገር ብዙም አልሰማም። ሊነገርላቸው ይገባ ነበር።

በሁለት እህትማማቾች ላሳያችሁ። ምሳሌ ነው፣ ቁጥሩን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ሁለቱም ሥራ የጀመሩት በ1982 ነው። ሁለቱም በ2017 መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ታላቅየዋ የመንግሥት መምህርት ናት። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዟ 9,000 ብር ነው እንበል። 35 ዓመት አገልግላለች። 30 በመቶና ለተጨማሪው 25 ዓመት 31.25 በመቶ፣ በድምሩ 61.25 በመቶ ይሆናል። አበሏ 5,512 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ታናሽየዋ በግል ድርጅቶች ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በወር እጇ ላይ የሚገባው ክፍያ ሲደመር 24,000 ብር ነው። ቤተሰቡ ሁሉ "እሷማ ተሳካላት" ይላል። ነገር ግን የተቆጠረላት አገልግሎት ከ2003 ወዲህ ያለው 14 ዓመት ነው። 30 በመቶ፣ በላዩ ላይ 5 በመቶ። 35 በመቶ። የ24,000 ብር 35 በመቶ 8,400 ብር ነው። ከእህቷ የተሻለ ይመስላል። ግን እንደዚያም አይደለም። ከ24,000 ብሩ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዟ 11,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የኃላፊነት እየተባለ የሚከፈል አበል ነው። መዋጮው የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። ጡረታዋም የሚሰላው በዚያው ላይ ነው። ስለዚህ የጡረታ አበሏ 3,850 ብር ሆነ።

ሙሉ 35 ዓመቷ ቢቆጠርላት፣ ክፍያዋም ሁሉ መሠረታዊ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 14,700 ብር ታገኝ ነበር። ከ14,700 ወደ 8,400 ያወረዳት ያልተቆጠረው ዓመት ነው። በዚያ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ አልፏል። ከ8,400 ወደ 3,850 ያወረዳት ግን የደመወዟ አከፋፈል ነው። ይህ ገና በሥራ ላይ ያላችሁትን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ብዙ የግል አሠሪዎች መሠረታዊ ደመወዙን ዝቅ፣ የትራንስፖርትና የቤት የሚባለውን አበል ከፍ ማድረግ ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 11 በመቶው ይቀንስላቸዋል። የትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ስሌትም ይቀልላቸዋል። ሠራተኛውም አይጠላውም፤ 7 በመቶው ሲያንስ ዛሬ እጁ ላይ የሚገባው ይበልጣል። ሲቀጠር ጥያቄው "ኔቱ ስንት ነው?" ነው። እኔም እጩ ሠራተኛ ፊቴ ሲቀመጥ ይህን ጥያቄ ስሰማ ኖሬአለሁ። "ቤዚኩ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። እባካችሁ ቤዚኩን ጠይቁ። በተለይ ዕድሜያችሁ ከሃምሳ አምስት ካለፈ፣ ከ57 እስከ 60 ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ያለው መሠረታዊ ደመወዝ ቀሪ ዘመናችሁን በሙሉ ይወስናል። ደመወዝ ሲጨመርላችሁ ጭማሪው መሠረታዊው ላይ እንዲገባ ተደራደሩ። አሠሪው እሺ ላይል ይችላል። መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

አንዳንዶች ከዚህም ይብሳሉ። ለሠራተኛው አንድ ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ለገቢዎች የሚያቀርቡት ዝርዝር ላይ ሌላ ቁጥር ይጽፋሉ። ሠራተኛው 20,000 ብር እየተከፈለው ወረቀቱ ላይ 5,000 ብር ይሆናል። ይህ ከደመወዝ አወቃቀር ያለፈ ነው፣ የሕግ ጥሰት ነው። ለግብር ተብሎ ይደረጋል፤ ጡረታውንም አብሮ ይበላል።

ሌላው ጉዳይ የተቆረጠው መዋጮ ወደ ፈንዱ ገቢ መሆኑ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዋጮ ከበጀት ነው የሚወጣው። ሊዘገይ ይችላል፣ ግን የመንግሥት ሠራተኛ "መሥሪያ ቤቴ መዋጮዬን ከፍሎ ይሆን?" ብሎ እንቅልፍ ሲያጣ አላየሁም። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ማጣት ነበረበት። አሠሪው የሠራተኛውን 7 በመቶ ቆርጦ፣ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ፣ የወሩ ደመወዝ በተከፈለ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት። በተግባር ከደመወዝ ግብሩ ጋር በገቢዎች በኩል ነው የሚሰበሰበው። አብዛኛው አሠሪ በሥርዓቱ ይከፍላል። ሁሉም ግን አይደለም።

አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና የሠራች ናት። ጡረታ ልትወጣ ስትቀርብ አገልግሎቷን ስታስጣራ፣ አንድ የቀድሞ አሠሪዋ ጋር ከሠራችው ጊዜ ገሚሱ የለም ተባለች። የለም ማለት፣ መዋጮ ገቢ አልሆነም። ድርጅቱ ባለቤት ቀይሯል። የድሮው የሒሳብ ሹም የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ጋ የመጣችው ምን ማድረግ እንዳለባት ለመጠየቅ ነበር። በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ የያዘቻቸውን የደመወዝ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። ትንንሽ ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው፤ አንዳንዱ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ለቋል። በእያንዳንዱ ላይ ግን "ጡረታ 7%" የሚል መስመርና የተቆረጠው ብር ይነበባል። ለምን እንዳስቀመጠቻቸው ስጠይቃት "ወረቀት አይጣልም ብዬ ነው" አለችኝ። ደመወዟ በባንክ ሳይሆን በእጅ ነበር የሚከፈላት። ስለዚህ ከእነዚያ ቁራጮች ሌላ ማስረጃ አልነበራትም። እነሱን በየወሩ ደረደርናቸው። የጎደለውን ለየን። ከሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ጋር አያይዛ አቤቱታዋን አስገባች። ወረቀቶቹ ባይኖሩ ኖሮ የምትናገርበት አንደበት አልነበራትም።

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ሆቴሎችን ለመውቀስ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ፌስታል መያዝ እንደማያስፈልገው እንድታስተውሉ ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ለግል ድርጅት ሠራተኛም ቢሆን ጥርስ አለው። አሠሪው ሳይከፍል ከቀረ ቅጣትና ወለድ አለበት። የሠራተኞቹ ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ላይ እንዲቆረጥለት የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ግን ይህ ሥልጣን የሚሠራው ጉድለቱ ሲታወቅ ነው። ጉድለቱን ከሁሉ ቀድሞ ማወቅ የሚችለው ደግሞ ሠራተኛው ነው።

አንድ ያልተቆጠረ ዓመት ስንት ያወጣል? አማካይ ደመወዛችሁ 20,000 ብር ከሆነ 1.25 በመቶው 250 ብር ነው። በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። ሦስት ዓመት ከጠፋ 750 ብር። የጎደለው ዓመት ከ10 ዓመት በታች ካወረዳችሁ ደግሞ የሚጠፋው አበሉ በሙሉ ነው።

ስለ ፕሮቪደንት ፈንድም እንድናገር ተጠይቄ ነበር። አዋጅ 715 ሲወጣ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው በፕሮቪደንት መቆየትን መረጠ። ምክንያታቸው ይገባኛል። ፕሮቪደንት ፈንድ በስምህ የተቀመጠ ብር ነው፤ ሥራ ስትለቅ ይሰጥሃል። ቤት ትሠራበታለህ፣ ልጅ ታስተምርበታለህ። ጡረታ ግን ሥራ ስለለቀቅህ አይመለስልህም። "መንግሥት ጋ የገባ ብር መቼ ይወጣል?" የሚለውም ፍርሃት ነበር።

እኔ ግን ምርጫው የተሟላ መረጃ ተይዞ የተደረገ አይመስለኝም። ፕሮቪደንት ፈንድ አንዴ ከተበላ አለቀ። ሰማንያ ዓመት ብትኖር የሚጨምርልህ የለም። ጡረታ እስከ ዕለተ ሞት ይከፈላል። ከሞትክ በኋላም ለተተኪዎችህ ይቀጥላል። ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ ግማሽ፣ ዕድሜው ላልደረሰ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይሰጣል። ቤት የዋለች ሚስት ባሏ ከሞተ በኋላ በየወሩ የሚገባላት ብር መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ እናቶቻችሁ በባሎቻቸው የመንግሥት ጡረታ ያሳደጓችሁ ታውቁታላችሁ። ሁለቱንም ማድረግ የሚችል አሠሪ ካለ ደግሞ እሰየው። አንዳንድ ድርጅቶች ከጡረታው በተጨማሪ ፕሮቪደንት ፈንድ ይዘዋል። ሥራ ስታወዳድሩ ይህን እንደ ደመወዝ ቁጠሩት።

እስካሁን የተናገርኩት የመንግሥት ሠራተኛውን የተመቸው ያስመስለዋል። እንደዚያ ብዬ ብሄድ ግማሹ አዳራሽ ይቀየመኛል፤ እውነቱም እንደዚያ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ዓመቱ ይቆጠርለታል፣ የሚሰላበት ደመወዝ ግን ትንሽ ነው። 61 በመቶ የሚለው ቁጥር ያምራል፤ የምን 61 በመቶ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ለዓመታት 1,100 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ጡረታ የሚሰላው በሦስት ዓመት አማካይ ነው ብያችኋለሁ። ጭማሪው ከተጀመረ ከስድስት ወር በኋላ ጡረታ የወጣን ሰው ለማሳያ ያህል እንውሰድ። ስድስት ወር በ4,760፣ ሠላሳ ወር በ1,100። አማካዩ 1,710 ብር ነው የሚመጣው። ጎረቤቱ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ቢወጣ ሙሉውን ያገኛል። ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ እኩል ዘመን ያገለገሉ ሰዎች ናቸው።

ከጭማሪው በፊት የወጡትማ ጉዳያቸው ሌላ ነው። የጡረታ አበል ገበያው ሲንር አብሮ አይነሳም። የሚጨምረው መንግሥት ሲወስን ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መንግሥት ካልጨመረለት መስከረም ላይ 2,000 ብር ይቀበል የነበረ ጡረተኛ ነሐሴ ላይም ያንኑ 2,000 ብር ነው የሚቀበለው። ጤፉ ግን ያው አልነበረም። እዚህ ላይ የመንግሥትና የግል ልዩነት የለም። ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ።

ፈንዱም ራሱ ይጎዳል። የሁለታችሁም መዋጮ ለየብቻ ሁለት ፈንድ ውስጥ ነው የሚገባው። ለረጅም ዘመን አብዛኛው ገንዘብ የተቀመጠው በግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም ለመንግሥት በብድር ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በእጅጉ ያንስ ነበር። ይህ የሠራተኛ ገንዘብ ነው። በላቡ ያዋጣው ሰው ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት እንዳተረፈ በየዓመቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ፈንድ ገና ወጣት ነው። ከፋዩ ብዙ፣ ጡረተኛው ጥቂት ነው። ብሩ የሚጠራቀመው አሁን ነው፤ ዛሬ የሚባክነው ከሃያ ዓመት በኋላ ይጎድላል። የሠራተኛ ማኅበራት ስለ ደመወዝ የሚጮሁትን ያህል ስለዚህም መጮህ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

በሁለቱም መዝገብ የሌለው ወገን ደግሞ አለ። ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ፣ የጉሊት ነጋዴዋ፣ ታክሲ ላይ የሚጮኸው ረዳት፣ ገበሬው። የአገራችን አብዛኛው ሠራተኛ እሱ ነው። ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ ዛሬ በዚህ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ። ነገ ወይም ሰኞ ልታደርጉት የምትችሉትን ልንገራችሁ።

የግል ድርጅት ሠራተኞች፣ መጀመሪያ መመዝገባችሁን አረጋግጡ። የመለያ ቁጥር አላችሁ? "እኔ ኮንትራት ነኝ፣ አይመለከተኝም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ተሳስቷል። ከ45 ቀን ያላነሰ የተቀጠረ ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ኮንትራትም ቢሆን ይሸፈናል። ቀጥሎ ወደ ማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ሂዱና በስማችሁ ስንት ዓመት እንደተመዘገበ፣ በየትኛው ደመወዝ እንደተመዘገበ ጠይቁ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አስቀምጡ። ዛሬ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩት። ሥራ ስትለቁ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዛችሁ ውጡ፤ ደብዳቤው ላይ የገባችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ ደመወዛችሁ፣ የጡረታ መዋጮ መከፈሉም እንዲጻፍ ጠይቁ። አሠሪው በሰላም እያለ የተሰጠ ደብዳቤ ከዘጋ በኋላ ከሚፈለግ ደብዳቤ ይሻላል።

የትውልድ ቀናችሁንም ተመልከቱ። ሕጉ የሚቀበለው መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስመዘገባችሁትን ዕድሜ ነው። በኋላ አወቅሁ፣ ተሳስቼ ነበር ማለት አያስኬድም። አንዱ ቅጽ ላይ 1965፣ ሌላው ላይ 1968 ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ እርግጠኛ ነኝ።

የመንግሥት ሠራተኞች፣ እናንተም ፋይሌ አለ ብላችሁ አትተኙ። ከክልል ወደ ክልል፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ስትዛወሩ ፋይላችሁ አብሯችሁ መጥቷል? መሥሪያ ቤት ሲፈርስና ሲዋሐድ መዝገብ ቤቱ የት ገባ? የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤያችሁን ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱን ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቃቸው ስለሆኑ።

አንድ ወጣት መሐንዲስ እንዲህ አለ፦ "አሥራ ሁለት ዓመት መንግሥት ቤት ሠርቻለሁ። አሁን የግል ኮንትራክተር ጋ ልገባ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ቀለጠ ማለት ነው?" አልቀለጠም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰጠኸው አገልግሎት በግሉ ከምትሰጠው ጋር ይደመራል። በተገላቢጦሹም ያው ነው። ሁለት ፈንድ ቢሆኑም አገልግሎቱ አይቆራረጥም። ነገር ግን ከመልቀቅህ በፊት የአገልግሎት ዘመንህን የሚገልጽ ማስረጃ በእጅህ ያዝ። አዲሱ አሠሪህ ሲያስመዘግብህም የቀድሞ አገልግሎት እንዳለህ ቅጹ ላይ እንዲሞላ አድርግ። ደመወዝህ እጥፍ ይሆናል ብለኸኛል፤ መሠረታዊው ስንት እንደሆነ ግን አልነገርከኝም። ከመፈረምህ በፊት እሱን አጣራ።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ኋላ ወንበር ላይ የነበረች ሴት ናት። ስድስት ዓመት የሠራችበት ድርጅት ተዘግቷል፤ መዋጮዋ መከፈሉን አታውቅም፣ ባለቤቱም አገር ውስጥ የሉም። እንዲህ አልኳት፦ መጀመሪያ ማኅበራዊ ዋስትናው ጋ ሂጂ። የድርጅቱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፤ ቁጥሩ በድሮ የደመወዝ ወረቀትሽ ወይም በደብዳቤሽ ላይ ይኖራል። ድርጅቱ በየወሩ ለገቢዎች ያቀረበው የሠራተኞች ዝርዝር ላይ ስምሽ ካለ ዓመቱ አለ። ከሌለ የቅጥር ውልሽን፣ የባንክ ስቴትመንትሽንና አብረውሽ ከሠሩት ውስጥ የተመዘገበ ሰው ካለ የእሱን ማስረጃ ጨምረሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ያመለከትሽበትን ቅጂ ማኅተም አስመትተሽ ያዥ። ዕድሜሽ አርባ ሁለት ነው ብለሻል። ገና አሥራ ስምንት ዓመት አለሽ፣ ጊዜው አልረፈደም። ግን በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ የድርጅቱን ወረቀት የሚያውቁት ሰዎች ገና ከተማው ውስጥ እያሉ።